ጎጆህን ፈታሁት

ስፌቱ ያዘ። ተሼ፣ ስፌቱ ያዘ። ነፍሰ ጡር ሴት ተሸክሞ የሞላ ወንዝ ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ጢቾ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

ሰላምታውን ሳላስቀድም ዘልዬ ወሬ ውስጥ በመግባቴ አትቀየመኝ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ወሬ እኔ ዘንድ አያድርም። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ መጻፉ ራሱ እያሳፈረኝ ነው የምጽፍልህ።

አሰላ እንዳለች ናት። ከጓሮአችን ወዲያ ያለው ማሳ ዘንድሮ በትራክተር ታርሶ ዶሮዎቼ በድንጋጤ ስንት ቀን እንቁላል ነሱኝ። ትልቁ ወሬ ግን የብርቄ ነው። ልጅህ የድሬሰርነት፣ የጤና ረዳትነት ትምህርቷን ጨርሳ ፈንጣጣ ከሚከትቡት ጋር ተመደበች። ከሮቤና ከጢቾ ወዲያ መኪና የማይገባበትን ደጋ በእግሯ ትዞረዋለች። «ሴት ልጅሽን ለጅብ ሰጠሽ» ያሉኝ አልጠፉም። እኔን ያስጨነቀኝ ጅቡ ሳይሆን ዝናቡ ነው። የሰጧት ካፖርት ውሃ ሲጠጣ እንደ እርጥብ አጎዛ እየከበደ ትከሻዋን ሊገነጥለው ደረሰ። ምን ላድርግልሽ ብላት፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ «የአባዬን ጎጆ» አለች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ይቅርታህን የምለምነው።

በአርባህ፣ እንደ ወጉ፣ ልብስህን ለድሆች ሰጥቻለሁ። ለካፖርትህም ለጫማህም አልሳሳሁም። ያንን ግን፣ ቀያሽ ሳለህ በገዛ እጅህ የሰፋኸውን፣ ስትሄድ የምትለብሰውን፣ ሲመሽ ዱላህን መሀሉ አቁመህ የምትጠለልበትን፣ መሬቱ ሲረጥብ የምታነጥፈውን፣ ጠዋት አፉን በገመድ ሰብስበህ ዕቃህን የምትሸከምበትን፣ ጎጆዬ የምትለውን ጨርቅ አልሰጠሁም። አጥፌ ከፍራሼ ስር ደበቅሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ክሩን በሰም እያሸህ፣ መርፌውን ከንፈርህ ላይ ይዘህ ስታጉረመርም ይታየኝ ነበር። ጎረቤቶች «ባልሽ ልብስ ሰፊ ሆነ እንዴ» ሲሉኝ «ቤት እየሠራ ነው» እላቸው ነበር። ያንን እንዴት ለሌላ ሰው ልስጥ?

ብርቄ ስትጠይቀኝ ሄጄ ባወጣው፣ ተሼ፣ በታጠፈበት ሁሉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ለአንድ ምስኪን መንገደኛ ሰጥቼው ቢሆን እየተዘረጋ፣ እየተለበሰ ይኖር ነበር። እኔ በፍቅር ብዬ አጥፌ ገደልኩት።

ሌላ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ባለሱቋ ሶፊያ፣ ያቺ ጨርቅ የምትሸጠዋ ጎረቤታችን፣ አቡጀዲውንም የስፌት መኪናዋንም ሰጠችኝ። አንተ ጨርቁን ዘይት ታጠጣው እንደነበር አውቃለሁ፤ የምን ዘይት እንደሆነ ግን ጠይቄህ አላውቅም። ከልጅነቴ የማውቀው ዘይት የኑግ ነው፤ የሚበላው ይሻላል ብዬ ጥሩውን የኑግ ዘይት ከሰም ጋር አቅልጬ ቀባሁት። ጥላ ላይ ሰቅዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ወይ መድረቅ። ባጥፈው እንደ ሊጥ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ሶፊያ መጥታ በጣቷ ነካ አደረገችውና «ይሄ ዝናቡን እንጃ እንጂ ዝንብ በደንብ ይይዛል» አለችኝ። ሳቅን። ወዲያው ደግሞ እሷው «የሱን ሳትፈቺ የሱን ዓይነት አትሠሪም» አለች።

አልፈታም አልኩ። ሰማዩ ግን አልጠበቀኝም። ብርቄ ለሌላ ዙር ልትወጣ ተሰናዳች፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው ተከምሯል። በዚያው ጠዋት ምላጭ አንስቼ በትከሻው በኩል ጀመርኩ። ስፌትህ እንዴት ደቃቅ ነበር። እያንዳንዷን ክር ስቆርጥ አንተን የማስነሳህ፣ መልሼም የምቀብርህ ይመስለኝ ነበር። ትከሻው ውስጥ ድርብ የተሰፋበት ቦታ ሲከፈት አየር ያልነካው ሽታ ወጣ። ሶፊያ አፍንጫዋን አስጠግታ «ተልባ ነው» አለች። በበቆጂ መንገድ ግራና ቀኙን ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው ተልባ። ዘይቱ ከፈላ በኋላ ጨርቅ ላይ የሚደርቅ እሱ ኖሯል።

መሬት ላይ የቀረው ግን አንተ አልነበርክም፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። የድሮውን ቀዳዳ ተከትዬ ልመልሰው ሞከርኩ፣ እጄ በሌላ መንገድ ሄደ። መቼም አልመልሰውም። ቁርጥራጩን እያየሁ፣ እየቆጨኝ፣ ለብርቄ ከሶፊያ አቡጀዲ አዲስ ሰፍቼ የተልባ ዘይት አጠጣሁት።

አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ያንተው ጎጆ በሁለቱ ጎን ጠርዙ እንደ እጅጌ ሰፊ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ ተሰፍቶ፣ ባዶውን ቀርቷል። ሶፊያ «ጨርቅ ማባከን ነው፣ አጥብቢው» አለችኝ። እኔም መቀሱን አንስቼ ነበር። ግን አንተ ያደረግኸውን ማጥበብ ድፍረት ነው ብዬ ተውኩት። ለብርቄ ስሰጣት፣ አንድ ጋቢ እንኳ አይከብድም።

ትናንት ስትመጣ ነው የነገረችኝ። ከጢቾ በላይ አንድ መንደር ውስጥ ምጥ ሁለት ቀን የያዛት ሴት ታገኛለች። ባሏና ወንድሞቹ ቆመው ከመጸለይ በቀር የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል፤ ቃሬዛ የለም፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ልጅህ ጎጆውን አውልቃ ስትዘረጋው ዓይኗ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና አስቆርጣ በግራና በቀኝ አስገባችበት፤ ልክክ አለ። አራት ሆነው ተሸከሟት። ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው ወገባቸው ድረስ ነበር። እኔ በሰፋሁት፣ በዚያ በተጣመመው ስፌቴ። ባልዬው ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ «ገለቶሚ» እያለ በኦሮምኛ እያመሰገነ ጠርዙን ይዳስስ ነበር አለች።

ለዚህ ነበር ለካ። አንድም ቀን አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠየቅሁህም።

ይህን ስሰማ ሳላስበው እልል አልኩ። ጎረቤቱ ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ መጣ። ሶፊያ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከል ለብሶ እልልታ የለም፣ ከሁለቱ አንዱን ተዪ» አለችኝ። አፈርኩ። ዓመትህ ካለፈ ቆይቷል፤ ዘመዶች ከሉን ሊያስወልቁኝ በመጡ ቁጥር ሰበብ እየፈጠርኩ የመለስኳቸው ያንን የታጠፈ ጨርቅ ደብቄ ነጠላ መቀየር ስላሳፈረኝ ነው። አሁን የደበቅሁት የለም፤ ፈትቼዋለሁ፣ ነግሬሃለሁ። በደሌ አልወጣልኝም፣ ደስታዬም አልደበቅ አለኝ፤ ሁለቱን ይዤ መኖር እለምዳለሁ።

ከብርቄ ጋር የሚሠሩት ልጆች ስፊልን ብለዋል፤ እሰፋለሁ። ጠርዙን አላጠብም። በእያንዳንዱ ላይ እጄ እዚያ ሲደርስ አንተን ሳላስብ መርፌ አልሰካም፣ ይኸው ቃሌ።

ከሉን በድግስ አወልቃለሁ። የቅየሳ ጓደኞችህ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ፤ አራሷም እስከዚያ ከበረታች ከባሏ ጋር ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ለሙስሊሞቹ ሶፊያ ራሷ በግ ታሳርዳለች። ሰንፎ፣ ወይም ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው ብሎ የሚቀር እንዳይኖር። ቀኑ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።