ከነሐሱ ሥር ያለው ቀይ

አቶ ባልቻ ሙላው ከአባታቸው ከአቶ ሙላው ናሁሰናይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጂቱ ገብረሥላሴ በ1948 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው የእንጨት ሥራ ያዙ። በ1970 ዓ.ም. ለቀበሌ ሹመኛ አጎንብሰው መኖርን እምቢ ብለው በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ በ1976 ዓ.ም. ካይሮ ገቡ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከበቡሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሄርሜላንና ናኦድን ወለዱ።

አርድ ኤል ሊዋ በሚባለው የካይሮ ሰፈር በከፈቱት የሥራ ቤት ከሩቅ አገር የሚመጡ ባለቀለም ጠንካራ እንጨቶችን እያለሰለሱ ዘይት ይቀቡ ነበር። አብልጠው የሚወዱት ፓዱክ የሚባለውን ቀይ እንጨት ነው። ፓዱክ ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል። ይህን ለደንበኛው ሁሉ አስቀድመው ይናገራሉ፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ በሠሩት ዕቃ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ነሐስ በብሎን ያስሩ ነበር፤ ከሥሩ ብርሃን ያልነካው ቀይ እንዲቆይ።

በጥር 2003 ዓ.ም. የግብፅ አብዮት ሲፈነዳ ወይዘሮ ከበቡሽ በቤት ሠራተኝነት የሚሠሩበት የዛማሌክ ሰፈር ባለጸጋ ቤተሰብ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቷቸው ወደ ውጭ ወጣ። እርሳቸውም ቤቱ ባዶ እንዳይመስል ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው መጋረጃውን ይከፍቱ ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ አቶ ባልቻ በቅርቡ የሠሩት ቀይ ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቶቹ ሲመለሱ ቡናማ ሆኖ አገኙት። ባልና ሚስቱ ውዱን ሸጠው ርካሽ ተክተዋል ተባሉ። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ፣ ስደተኛ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ አይወጣም፣ ቀይ ቀለም ቀብታችሁ ይቅርታ ጠይቁ ብሎ መከረ። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እኅታቸው ዓለምነሽም ከመካሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ታፍርበታለች።

አቶ ባልቻ ግን "ላልሰረቅሁት ይቅርታ አልጠይቅም! ማሌሽ፣ ይቅርታ ብሎ ነገር የለም፤ ኸላስ፣ አለቀ!" ብለው መፍቻቸውን ይዘው ሄዱ። በባለቤቶቹ ፊት ነሐሱን ፈቱት። ያ ቀይ እንደ መጀመሪያው ቀን ከሥሩ ወጣ። ወይዘሮ ከበቡሽም ሥራሽን ቀጥዪ ቢባሉ ቁልፉን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከባለቤታቸው ጋር ወጡ።

የእንጨት ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ሐኪም ሥራ ቢከለክላቸውም፣ የራሳቸውን የሬሳ ሣጥን ከፓዱክ ሠርተው ጨረሱ። ከሁለት ዓመት ሕመም በኋላ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኅታቸው ቀርተዋል።

ከፊታችሁ ያለው ሣጥን እሱ ነው። ቡናማ ሆኗል፤ ቀለም እንቀባው ያለውንም አባረነዋል። ክዳኑ ላይ ያለውን የነሐስ መስቀል ራሳቸው በአራት ብሎን አስረውታል። እንጨቱን ከነቀለሙ የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። መስቀሉን ግን ማንም አይፈታውም፤ ወንድማችን ከእንግዲህ ለማንም ማስረጃ አያሳዩም።