ማንን ነው ያሸነፍኩት?

ውድ ወንድሜ ሩፊኖ፣

ባለፈው እሁድ እስር ቤት ልጠይቅህ ያልመጣሁት ታምሜ አይደለም። ቅዳሜ የቡጢ መለማመጃ ጂማችን ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ እኔም ጣቴ ተሰብሮ ፖሊስ ጣቢያ ስመላለስ ሰነበትኩ። ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

ያ ፊልም ከተማችን ኮሎን መጣ። አዎ፣ ያንተው ፊልም፤ ስምህን ቀይረው ጠባሳህን ከነቦታው የወሰዱት። ፊልም ሠሪው ኦክታቪዮ ከፓናማ ከተማ መጥቶ በአባባ ወንበር ላይ ተቀምጦ በኮኮናት የተሠራውን ሩዛችንን ሲበላ፣ ከግራንቪል ጋር ስላደረግከው ግጥሚያ የነገርከውን ሁሉ ሲቀዳ፣ እንዲህ ያደርገናል ብሎ ማን ጠረጠረ? አውሮፓ ውስጥ ሸለሙት። ሐያስያኑ «የዘመኑ ድንቅ ሥራ» አሉት። ጎረቤታችን ዶኛ ኤውላሊያ ግን መጀመሪያ ያየችው ቀን፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ዝናብ ሲዘንብ ለማየት መስኮቴ ይበቃኛል» ብላ እንቅልፏን ለጠጠች። ጋዜጦቹ «ዝምታው ይናገራል» ብለው ጻፉ። ምን እንደሚናገር ግን አንዳቸውም አልጻፉም።

መሰልቸቱንስ በቻልነው። ያልቻልነው የመጨረሻውን ዙር ነው። ቡጢኛው በዝናብ እየበሰበሰ ይቆማል፣ የተጋጣሚው እጅ ሆዱን ዳበስ አድርጎት ያልፋል፣ እሱም ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ይሄድና ከታች የተቀመጠውን ባለ ባርኔጣ ሰውዬ አይቶ ይንበረከካል። ግጥሚያውን በገንዘብ ሸጠው ማለት ነው። እኔ ያን ቀን ሪንጉ ሥር፣ ማዕዘንህ ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። ባለ ባርኔጣ የሚባል ሰው አልነበረም። ግን ምን ዋጋ አለው? ያንን ግጥሚያ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እንኳ ያዩትን ትተው ፊልሙን ማስታወስ ጀመሩ።

የወደብ ሠራተኛው ቺሎም አንዱ ነበር። ዓሣ መጥበሻው ደጃፍ ላይ ሴኮ አረቄውን እየተጎነጨ፣ «ሩፊኖ፣ መውደቂያህን ለማን ነው የሸጥከው? እኔም ጉልበቴ አላቆም ብሎኛል፣ ገዢ ካለ ጠቁመኝ» አለህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የመጀመሪያው ቡጢህ ጥርሱን አረገፈው፣ ከወደቀ በኋላ ያሳረፍክበት ደግሞ ዓይኑን ወሰደው። ወገብህን ይዤ ስጎትትህ ከእግራችን ሥር ብርጭቆው ይንኮታኮት ነበር፤ እጅህ ግን ከፊቱ አልነሳ አለ። ቺሎ ዛሬም ወደብ ላይ በአንድ ዓይኑ ይሠራል። ይህን ላቃልልልህ አልችልም። አንተም እንደማታቃልለው አውቃለሁ።

ለዚህ ከተፈረደብህ እስራት ይልቅ የከበደኝ ግን ፋሲካ ሰሞን ያልከኝ ነው። ፍርግርጉን ይዘህ፣ «ኤርሚንያ፣ ምናልባት ሆን ብዬ ወድቄ ይሆን እንዴ? አሁን ሳስበው ዝናቡ ትዝ ይለኛል» አልከኝ። ሩፊኖ፣ ያን ቀን ጠብታ አልወረደም። ዝናቡ የፊልሙ ነው። ብነግርህም አላመንከኝም። እህት ናት፣ ታባብለኛለች ብለህ ይሆናል። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መስኮቱን በሸራ ሸፍነው፣ የሪንጉ ገመድ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ፊልሙን አሳዩን። ኦክታቪዮ አንተን ሆኖ ከሠራው ተዋናይ ጋር መጥቷል፤ ከባዱን የነሐስ ሽልማት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። ግራንቪል አርቺቦልድ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ገባ። ከጣለህ ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም፤ ያን ዕለትም ፊቴን አዞርኩበት።

ፊልሙ ሲያልቅ ከፓናማ ከተማ የመጡት እንግዶች ቆመው አጨበጨቡ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ግራንቪል ተነሳ።

«አንተ ልጅ» አለው ኦክታቪዮን፣ ምላሱ እየተጎተተበት። «እኔን የሆነው ሰውዬ ጎበዝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እሱ ከሸጠው፣ እኔ ማንን ነው ያሸነፍኩት?»

ኦክታቪዮ ፈገግ አለ። «ጋሼ ግራንቪል፣ ፊልም እኮ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ሽንፈቱ የሁላችንም ምሳሌ ነው።»

«የአንተ ይሁን። እኔ ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ደም ስሸና ነው የከረምኩት። ይሄን ምላሴን ያሰረው የእሱ ቡጢ ነው። በሕይወቴ ያሸነፍኩት ነገር ያ ብቻ ነው። አንተ መጥተህ ወሰድክብኝ።»

«ግን እኮ የግጥሚያውን የድሮ ቅጂ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሩፊኖ የረባ ምት ሳያርፍበት፣ ቆይቶ ነው የወደቀው።»

«እስቲ ጠጋ በል።»

ኦክታቪዮ እየሳቀ ጠጋ አለ፤ ለእንግዶቹ ማሳቂያ እንዲሆን እጆቹንም እንደ ቡጢኛ አነሳ። ግራንቪል የልጁን ትከሻ ለቀቀ። ግራ እጁ አጠር ብሎ ከኦክታቪዮ ቀኝ ጎድን ሥር፣ ጉበቱ ላይ ገባ። ድምፁ እንኳ በቅጡ አልተሰማም። ኦክታቪዮ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ «ይኸው፣ ምንም አልሆን...» ብሎ ጀመረ። ቃሉን አልጨረሰም። ፊቱ አመድ መሰለ፣ በቆመበት ተዘረረ። አንሶላውን ይዞት ወረደና እላዩ ላይ አስመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ምኑን ልንገርህ። ተዋናዩ ያንን ነሐስ ብድግ አድርጎ የግራንቪልን ግንባር ፈነከተው። ደሙ ሲንዠቀዠቅ ሳይ ቂሜን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ተዋናዩን በበርጩማ ጀርባውን አልኩት። ሲዞር ጣቴን ጠምዝዞ ሰበረው፣ እኔም ጆሮውን ነከስኩት። ዶኛ ኤውላሊያ በጃንጥላዋ ያገኘችውን ሁሉ ስትወቅጥ፣ ወንበር በወንበር ላይ ሲወድቅ፣ ፖሊስ ደረሰ።

ኦክታቪዮ ተጸጸተ ብዬ እንዳልዋሽህ። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ትውከቱን እየጠረገ፣ የካሜራ ሠራተኛውን መጀመሪያ የጠየቀው «ይቺን ቀርጸሃታል?» ብሎ ነው። አልቀረጻትም። ክስም አልመሠረተም፤ ጠቡ ማስታወቂያ ሆኖለታል። ጋዜጦቹ «አላዋቂዎች ታላቅ የጥበብ ሰው ደበደቡ» ብለው ጻፉ። ፊልሙ አሁንም ይሞገሳል፤ ወደፊትም ይሞገስ ይሆናል።

ጣቢያው አግዳሚ ላይ ግራንቪል ግንባሩን ተሰፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በኋላ፣ «ያቺን ቆይታ የምትጥል የጉበት ቡጢ ብዙ ሰው ቀምሷታል» አለኝ። «ተቀብሏት እርምጃ የሄደ ግን ወንድምሽ ብቻ ነው። ያውም እጁን ሳያወርድ። እኔ ፈርቼ ነበር፣ ይመለስብኛል ብዬ። ንገሪው።»

«ራስህ ንገረው» አልኩት።

እሁድ ይዤው እመጣለሁ። ንግግሩ ስለሚጎተት ታግሰህ ስማው፤ እጅህንም አትንሳው። እኔን እህት ናት ብለህ ካላመንክ፣ የጣለህን ሰው እመን። ምንም አልሸጥክም፣ ሩፊኖ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በዝረራ ተሸነፍክ። ሽንፈቱ የራስህ ነው፤ ማንም አይወስድብህም።

እስከ እሁድ ደህና ሁንልኝ።

እህትህ ኤርሚንያ