ነጥቡ መስመራችን ላይ አረፈ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከትናንት ወዲህ ሰው ሆኛለሁ።

እዚህ ስሌታችን በሚፈተንበት ላቦራቶሪ ከቁመቴ እጥፍ የሚረዝም የመስታወት ታንከር አለ፤ ውሃው ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ለዘብ ሲል የማንም ስሌት ይሠራል። ጉዱ ውሃው መተራመስ ሲጀምር ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ አንድ ቁጥብ ሽማግሌ፣ ገና ስመጣ "ስሌታችሁ እዚያ ላይ ካልገጠመ እንደ አዲስ ትጀምሩታላችሁ" ብለውኝ ልቤ ተንጠልጥሎ ከረመ።

ትናንት ማሞቂያው እስከ ጥግ ተከፈተ። ሙቁ ውሃ ከወለሉ እየተነቀለ እንደ ጭስ ሲምዘገዘግ፣ ቀዝቃዛው ከላይ ሲናድ በዓይኔ አየሁ። በጠባቧ ቢሯችን ኮምፒውተሩ እያቃሰተ በቁጥር ብቻ ይነግረን የነበረው ይህንኑ እኮ ነው! ከዚያ ወደ ላይ የተሻገረው ሙቀት ተለክቶ ነጥቡ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስሌታችን አስቀድሞ ያሰመረው መስመራችን ላይ ቁጭ! ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው "ይደገም" አሉ። ተደገመ፤ ያው ነው። ያኔ ወንበር ሳቡልኝና "ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ወለሉን የምትነካዋን ስስ የውሃ ንጣፍ ለብቻዋ እናስላት ብለሽ ድርቅ ያልሽው አንቺ ነሽና፣ እንኳን ደስ አለሽ!

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ፤ በጠርዙ እየጻፍኩ ነው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ማሙሽን ሳሚልኝ። ለእማዬም ደውለሽ "ለልጅሽ ተሳካላት" በያት። ምን ሠርታ ብላ ከጠየቀችሽ "ውሃ አሙቃ" በያት። "ውሃ ለማሞቅ ነው ይህን ያህል አገር ያቋረጠችው?" ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷን ነው።