ሳይሳሳቱ ቁልፍ ያስረከቡት የጋሽ ቀስበቀስ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋሽ ቀስበቀስ እያሉ የሚጠሯቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው፣ ገና በአርባ አራት ዓመታቸው፣ ወደ ቤት መመለሻው ጠፋባቸው። አንዱ «ጠጥቶ ነው» አለ፤ ሌላው «ዘራቸው የተረገመ ነው» አለ። አባታችን በታመሙ በሰባተኛው ዓመት አረፉ። ታላቅ ወንድማችንም በዚያው ዕድሜ ታመው በዚያው መንገድ ሄዱ።

ጋሽ ቀስበቀስ በ1982 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ ድርጅት በሹፌርነት ተቀጠሩ። ሃያ አንድ ዓመት ሲነዱ ሰው ቀርቶ ዶሮ አልነኩም። ተሳፋሪው «የቸኮለ በእግሩ ይቅደም» እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እናቶች ግን ልጆቻቸውን የሚያሳፍሩት የእሳቸውን አውቶቡስ ጠብቀው ነው። በ1984 ዓ.ም. እዚያው ትኬት ይቆርጡ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

አርባን ካለፉ ወዲህ ሰላም አጡ። የሰው ስም ባመለጣቸው ቁጥር «መጣ» ይሉ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የታመሙትን ዘመዶቻችንን ዕድሜ በደብተር ጽፈው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ እርግማን እንዳልሆነ አስረዷቸው። አንድ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው፤ ያለበት ወላጅ ከሁለት አንድ በሆነ ዕድል ለእያንዳንዱ ልጁ ያወርሰዋል፤ የወረሰውም ብዙውን ጊዜ ወላጁ በታመመበት ዕድሜ ገደማ መርሳት ይጀምረዋል። ደም ሰጥተው ስድስት ሳምንት ጠበቁ። ተገኘባቸው።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሄደው የአውቶቡሱን ቁልፍ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

ኃላፊው «ምን አጠፋህ?» ሲሏቸው፣ «እስካሁን ምንም። ሰው ጭኜ ግን አልጠብቀውም» አሉ።

ባለቤታቸው «ሳይመጣ ለምን ትቀበለዋለህ?» ብለው ተቆጡ፤ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። ድርጅቱ አዲስ ሹፌሮችን እንዲያሠለጥኑ መደባቸው።

በ2005 ዓ.ም. ልጆቻቸውን አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው። «መመርመሩም መተዉም የእናንተ ነው። ውጤቱን ለእኔም መንገር ግዴታ የለባችሁም» አሏቸው።

ሴቷ ልጃቸው «አባዬ፣ አንተስ ባታውቅ ይሻልህ ነበር?» አለቻቸው።

«እሱን እንጃ» አሉ።

በ2007 ዓ.ም. በማሠልጠኛው ግቢ፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ መሪ እንደያዙ፣ ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ጠፋቸው። አውቶቡሱ አጥር ገጭቶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ባለቤታቸው ሲሰሙ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ የቁልፉን ነገር ዳግመኛ አላነሱም። ዘጠኝ ዓመት አስታመሟቸው። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ሰው፣ በመጨረሻ ማንኪያ አያያዝ ጠፋቸው። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ።

ደህና ሳሉ «ስሞት በሽታዬን በግልጽ አንብቡት፤ ድንገተኛ ሕመም እንዳትሉ» ብለው አደራ ሰጥተዋል። በሽታቸው በዘር የሚወረስ፣ ያለ ዕድሜ የሚመጣ የመርሳት በሽታ ነበር። ልጆቻቸው ይመርመሩ አይመርመሩ ግን እዚህ አይነበብም። እባካችሁ ለቅሶ ስትደርሱ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ አትፈትኗቸው። ስም ቢሳሳቱም ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፈችውንና የዚያው አባት ልጅ የሆነችውን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር የረሱትን ሁሉ ያስታውስላቸው፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለእኛም ለማወቁም ላለማወቁም የሚሆን ጉልበት ይስጠን።