ሁለት ስቴፋ ስለሚያሳየኝ እጅግ የተሳካ ዓይን

ለክቡር ዶክተር ሃርግሬቭ፣ የዓይን ክሊኒኩ የበላይ ኃላፊ
ዊኒፔግ፣ ካናዳ

ለመላው የማኒቶባ ሕዝብ በታላቅ አክብሮት የሚነገር ዜና፦ ባለፈው ማክሰኞ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ በምናንሸራትትበት የዳውፊን ከርሊንግ ክለብ፣ አንድ አዛውንት የቡድን አለቃ ተጫዋቻቸውን የሌለ ድንጋይ እንዲመታ አዘዙት፤ እሱም ታዞ ባዶውን በረዶ በትክክል መታው። አዛውንቱ እኔ ነኝ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ፣ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ ይሁን። በሌዘር ቆርጣችሁ የሟች ለጋስ ብሌን ቀኝ ዓይኔ ላይ ስለተከላችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ መስኮት ጠርቷል ብለዋል፤ እስማማለሁ። ተንጋዶ መገጠሙን ብቻ ላመልክት።

፩. የዓይን መመርመሪያውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ስላነበብኩ "እጅግ የተሳካ" ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ይሁን እንጂ የመመርመሪያ ክፍላችሁ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሰሌዳውም አንድ ነው። እኛ የዳውፊን ሰዎች በአንድ አውቶቡስ መጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደረደር፣ ከፊታችን ያለው ጮክ ብሎ ሲያነብ እንሰማለን፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙራችንንም የተማርነው እንዲሁ በመስማት ስለሆነ፣ ተራችን ሲደርስ ፊደሉን በቃላችን ይዘነዋል። ይህን ለመርማሪዋ ለወይዘሪት ፕራይስ ብነግራት፣ "አባባ፣ አይቀልዱብኝ፤ ይኸው አንብበዋል እኮ" አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ብደግምላት ሳቀችና መዘገበችው።

፪. ሌዘር የቆረጠው ቶሎ ስለሚገጥም ስፌቱ ቀደም ብሎ ይወጣል ተብዬ ነበር። አሁን ደግሞ "የተሳካ ነገር አይነካም" ተባልኩ። ስፌቱም ብሌኑን እየወጠረ ሁሉን ነገር ሁለት ያደርግልኛል፤ ባለቤቴ ስቴፋ ሳትቀር ሁለት ሆናለች። ብነግራት፣ "ደግ ነዋ፣ አንዷ ታብስልልህ፣ አንዷ ትጨቅጭቅህ" ብላ ሳቀች።

፫. በዚህ ስኬት ተበረታታችሁ ግራ ዓይኔን ለተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ለመጪው ሐሙስ ቀጥራችሁታል። ደብዝዞም ቢሆን ዛሬ የቤቴን ደረጃ ሳልሰናከል የሚያስወርደኝ እሱ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ሰሌዳው ተቀይሮ፣ ቀኙ እንደገና እስኪለካ ድረስ አላመጣውም።

መስመሩን ስቶ የሚፈርመው፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ ስኬት፣
ኦሬስት ፓውሉክ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ካሰፈርኩት አንዱ ፈጠራ ነው፤ የስቴፋ ቀልድ። ሁለት ሆነሽ ትታዪኛለሽ ስላት፣ እጄን ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችውና የትኛዋ እሷ እንደሆነች አሳየችኝ። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ለዚህ የሚሆን ቦታ ሪፖርትዎ ላይ ካለ፣ እባክዎ ይሙሉልኝ።