የላኩልን ቀይ ጽጌረዳ ደርሶናል

ለክቡር አቶ ሂራም ዌደርቢ
የቴነሲ ተወካዮች ምክር ቤት አባል
ናሽቪል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የኮልድ ክሪክ ሰዎች፣ ከሞቱት በስተቀር፣ ደኅና ነን። የናሽቪል ሙቀት ዘንድሮ ብርቱ ነው ሲባል ሰምተናልና፣ ባረፉበት ሆቴል በረዶ የገባበት ንጹሕ ውሃ እንዳይጎድልብዎ ከልብ እንመኛለን።

ስሜ ሌስተር ታከት ነው፤ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ሲሆን የመምህርት ኦፓል ታከት ወንድም ነኝ። እኅቴን አይዘነጓትም፤ ባለፈው ማክሰኞ ስትቀበር የአበባ ጉንጉን ልከውልን ነበር። ሴቶች እንዲመርጡ የሚፈቅደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሴኔቱ ትናንት አጽድቆ ወደ እናንተ ምክር ቤት እንዳሳለፈው፣ ለአገሩ ሁሉ ሕግ ለመሆንም የአንድ ግዛት ይሁንታ ብቻ እንደቀረው በጋዜጣ አንብቤአለሁ፤ ስለዚህ ሥራ በሚበዛብዎ ሰዓት ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ውሃው ጉድጓድ አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤታችን ጉድጓድ ከሽንት ቤቱ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል መቆፈሩን የወረዳው ሰው ሁሉ ያውቃል። አምና ሁለት ሕፃናት በታይፎይድ ሲሞቱብን ኦፓል ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፈር የእናቶችን ፊርማ አሰባስባ፣ በዚያን ጊዜ የወረዳው ምክር ቤት ሰብሳቢ ለነበሩት ለእርስዎ ብታቀርብ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሴት ስም ብቻ ነው፤ ባሎቻቸው ይፈርሙና እናየዋለን፤ ደሞስ ውሃው ኩልል ያለ አይደል እንዴ?» ብለው በፈገግታ መልሰውላታል። ባሎቹ «ትንባሆው ይሰብሰብና» አሉ። አባቴ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ከሞተ ስድስት ዓመት ስለሆነው፣ እናቴ «የኔውንስ ከመቃብር ጠርቼ ላስፈርመው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህን ጥያቄ ለእርስዎ ለማድረስ ጊዜው ስላልተመቸን ዛሬ አድርሻለሁ።

፪ኛ. ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ኦፓል ጉድጓድ የሚቆፈረው በአካፋ ሳይሆን በድምፅ መሆኑን የተረዳችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በጎረቤት በቅሎ እየዞረች የሕግ አውጪዎቻችንን ደጅ ስትጠና ከረመች። በሰኔ እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው የእናቴን የኮክ ኬክ ደግመው ሲበሉ፣ ኦፓል እንዲህ አለችዎት፤ «አቶ ዌደርቢ፣ ድምፅ ቢኖረን ኖሮ እኛ እርስዎን ልንለምን አንመጣም ነበር፤ እርስዎ ነበሩ እኛን ሊለምኑ የሚመጡት።» እርስዎም ስቀው፣ «ይቺ ልጅ ወንድ ብትሆን ወንበሬን ትቀማኝ ነበር፤ በቃ፣ ድምፄ ያንቺ ነው» አሉ። እሷም ከደጃችን ቁጥቋጦ ቢጫ ጽጌረዳ ቆርጣ ኮትዎ ላይ ሰካችልዎ። መኪናዎ ከታጠፈ በኋላ እናቴ፣ «ሰውዬው ኬኩንስ ወዶታል፤ ሌላውን እናያለን» ስትል፣ ኦፓል «እማ፣ አበባውን እኮ አላወለቁትም፤ እስኪታጠፉ ድረስ አይቻቸዋለሁ» አለቻት።

ኦፓል በታይፎይድ በታመመች ጊዜ ሐኪሙ ከጉድጓዱ ነው አለን። በመጨረሻዋ ሌሊት ትኩሳቱ ሲያቃዣት «አቶ ዌደርቢ ናሽቪል ገቡ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «ገብተዋል፤ ቢጫውን አድርገዋል» እላት ነበር። ያላየሁትን እንዲህ አፌን ሞልቼ መናገር ከማን እንደተማርሁ ግን አላውቅም።

፫ኛ. ስለ ጉንጉኑ አመሰግናለሁ። በዚህ ሰሞን በቴነሲ ቢጫ ጽጌረዳ «ሴቶች ይምረጡ»፣ ቀይ ጽጌረዳ «አይምረጡ» ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ይሁንና ከእርስዎ ዘንድ በባቡር የመጣው ጉንጉን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ቄሱ ሪባኑ ላይ ያለውን «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን ሲያነብቡ፣ ደረታቸው ላይ ቢጫ የሰኩት የኦፓል ጓደኞች እርስ በርስ ተያዩ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ መርትል ግን ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ፣ «ምነው፣ ሬሳ ላይም ቅስቀሳ ተጀመረ?» አሉ። ምናልባት አበባውን የገዛልዎ ጸሐፊዎ ይሆናል፤ ምናልባትም በሆቴልዎ ደጅ የሚገኘው ቀይ ብቻ ይሆናል። እኛ ግን ቃልዎ መለወጡን የሰማነው በዚያ መንገድ፣ ሣጥኑ ገና ሳይወርድ ነው።

እናቴም አፈሩ ሲያልቅ ጉንጉኑን አንሥታ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄደችና በጉድጓዱ አፍ ላይ ሰቀለችው። «ለሱ ነው የተላከው» አለችኝ። ዛሬም እዚያው አለ። ትናንሾቹ ልጆች ባልዲውን ሲያወጡ እሾሁ እንዳይወጋቸው ጉንጉኑን ወደ ጎን ገፋ ያደርጉና ይጠጣሉ፤ ምን ያድርጉ፣ በአካባቢው ሌላ ውሃ የለም፤ ሌላም ትምህርት ቤት የለም።

ለአራተኛ ቁጥር የሚሆን ነገር አላጣሁም፤ ብርታቱን ግን አጥቻለሁ። ክቡርነትዎ ከእኛ ቤት ምንም የሚያሰጋዎ ነገር እንደሌለ ግን ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ከቤታችን መምረጥ የሚችለው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱ ሞቷል። ኦፓል ሞታለች። እናቴ ለትምህርት ቤቱ ግብር ትከፍላለች፤ ስለ ጉድጓዱ ግን የሚጠይቃት የለም። እኔ ሃያ አንድ ሞልቶኝ ለመምረጥ አምስት ዓመት ይቀረኛል፤ እስከዚያ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በኦፓል ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ በጉድጓዱ አጠገብ ባለው መስኮት በኩል እቀመጣለሁ። ከየትም በኩል ብዞር በሩን የሚከፍትልን ሰው አላገኘሁም፤ በዚህ ሳምንት ለድምፅ ስምዎ ሲጠራ አንዲት ቃል ከሚመልሱት ከእርስዎ በስተቀር። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም ኦፓል የሰማችውን ቃል ሌላ ሰውም እንዲሰማው ብዬ ነው።

ለእኅቴ መቃብር አበባ፣ ለእናቴ ኬክ ምስጋና ያልነፈጉትን ክቡርነትዎን እግዚአብሔር በጤና እንዲያኖርልን እየተመኘሁ፣ ድምፅ ከሌለው ቤት ድምፄን ያሰማሁ

ታዛዥዎ
ሌስተር ታከት
ኮልድ ክሪክ፣ ነሐሴ 1920

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚያው ከደጃችን ቁጥቋጦ አንድ ቢጫ ጽጌረዳ ቆርጬ በዛሬው ባቡር ልኬልዎታለሁ። በመንገድ እንዳይጠወልግ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ውሃው ከትምህርት ቤታችን ጉድጓድ የተቀዳ ነው፤ እንዳሉትም ኩልል ያለ ነው። አበባውን ከሰኩት ውሃውን ይድፉት። ካልሰኩት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ውሃውን ይጠጡልን።