በሬ ወግቶኝ ነው ያልከኝ ጠባሳ

አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ የበልጉ ዝናብ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ዘንድሮማ ነገሌን በጎርፍ ደብድቧት የከብት ገበያውን አጥር ገነጣጥሎት ሄዷል። እማዬ አሁንም ከበሬዎችህ ጋር ስትሰዳደብ ትውላለች። እኔም የባጃጅ መለዋወጫ ሱቄን አልዘጋሁም። ቁጣዬም እንዳለ ነው፤ ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

ያን ቀን ላንሳው። ኩላሊቶችህ ሥራ አቁመው አዲስ አበባ እጥበት ላይ ሳለህ፣ ወንድሜ ጃርሶ ስኳር ስላለበት ኩላሊት መስጠት አይችልም ተባለ። እኔ እሰጣለሁ አልኩ። አንተ ግን ከእሷ ደም የሚቀዳውን ሰው እጁን እሰብረዋለሁ ብለህ አልጋውን በዱላ ነረትከው፤ ነርሷ ሮጣ ወጣች። ሴት ስለሆንኩ የናቅኸኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ሳልነግርህ ሄጄ ተመረመርኩ።

ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ የእጥበቱ መርፌ ክንድህ ላይ ነበር። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ዘረ መሎች አሉ፣ ልጅ ግማሾቹን ከአባቱ ይወስዳል፣ እሷ ግን ምንም አልወሰደችም አለ። እኔ ገና አልገባኝም። ይባስ ብሎ ደምህ ከደሜ ጋር ሲገናኝ ሴሎቼን እንደፈጃቸው፣ ኩላሊቴ ቢተከልልህም ወዲያው እንደሚገድለው ነገረን። ድሮ የሰው ደም ተሰጥቶህ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሰውነት ባዕዱን ማጥቃት የሚማረው እንዲህም ነው አለ።

እማዬ ደንግጣ አመለጣት። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን እኔን ሕፃኗን ከሚነድ ቤት ተሸክመህ ስትወጣ ጭንህን በጥይት መቱህ። ደምህ አልቆ የስንቱ ወታደር፣ የስንቱ ነጋዴ ደም ተሰጠህ። የወለዱኝ እናትና አባት ከዚያ ቤት አልወጡም። ይህን ተናግራ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እኛ ዘንድ በጉዲፈቻ ያደገን ልጅ ባዕድ ነው ማለት ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም። አንተ መርፌውን ከክንድህ መንጭቀህ አወጣኸው። ደሙ ግድግዳውን፣ ጋዋኑን፣ ፊቴን መታው። ሐኪሙን አንገቱን አንቀህ ከግድግዳው አጋጨኸው። «ኢንታላ ቲያ! ልጄ ናት! ይሄን ውሸታም ደም ድፉት!» እያልክ ጮህክ። ጥበቃዎቹ ተረባርበው ጣሉህ። እኔም አንደኛውን ክንዱን ነክሼዋለሁ፤ ይህን አላየህም።

ሌላ የሚሰጥህ ዘመድ ሳይገኝ ሞትክ። ቀብርህ ላይ የአጎቴ ልጅ፣ ይህች ከልጆቹ ጋር ምን ያቆማታል ሲል ሰማሁት። በዱላህ ከንፈሩን ሰነጠቅሁለት። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ጊደር አምጣ ብለው የቀጡት እሱን ነው። ጊደሯ ባለፈው ሳምንት ወለደች፤ ጥጃዋ እንደ አንተ ተራጋጭ ናት።

አባዬ፣ እወድሃለሁ፤ ደግሞም ተናድጄብሃለሁ። እኔ ልጅህ መሆኔን ማንም እንዳይጠራጠር ብለህ ምርመራውን ከልክለህ ሞትን መረጥክ፤ ማን ጠየቀህ? እኔን ለማውጣት በፈሰሰው ደምህ ቦታ የገባው ደም ነው መልሶ እኔን የጠላኝ። ይህን ሳስብ እጄ የገባውን ዕቃ ከግድግዳ ጋር አጋጫለሁ፤ ጃርሶ ስብርባሪውን ይጠርጋል።

ልጅ ሳለሁ ጭንህ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቴ እየነካሁ ምን እንደሆነ ስጠይቅህ፣ በሬ ወግቶኝ ነው ትለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አምኜህ ኖርኩ። ልጆቼም ያንን ጠባሳ አይተውታል፤ አሁንም ይጠይቁኛል። አልረሳህም፣ እነሱም እንዲረሱህ አልፈቅድም። በሬ ነው አልላቸውም። አያታችሁ እኔን ታቅፎ ሲሮጥ ነው እላቸዋለሁ።

ልጅህ